ሠላሳ ካሬ፣ አንድ አጥር

«ጎንደር የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ከአዘዞ ወጣ ብሎ ከከብት የተከለለ ኮረብታ መርጬ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ 30፣ ከአጥሩ ውጭ 30 ባለ አንድ ካሬ ሜትር ቦታዎች ለክቼ የወይራ ችግኝ ልቆጥር አሰብኩ። አማካሪዬ ‹ድግግሞሽ የለውም› ብለው መለሱት። 60 ካሬ እያለ እንዴት? ኢኮሎጂ ለእኔ አይሆንም መሰለኝ። ወደ ላብራቶሪ ሥራ ልዙር?»

እህቴ፣ አትቸኩዪ። አማካሪሽ ልክ ናቸው፤ ብቻ አሳጥረው ነው የነገሩሽ።

ከሁለት ዓይነት የጤፍ ዱቄት የትኛው ጥሩ ዓይን ያለው እንጀራ እንደሚያወጣ ልታወዳድሪ ነው እንበል። ከአንዱ አንድ ቡሃቃ፣ ከሌላውም አንድ ቡሃቃ አቦካሽ። ከየቡሃቃው 30 እንጀራ ጋገርሽ። ስንት ጊዜ ሞከርሽ? 30 ጊዜ አይደለም፤ አንድ አንዴ ነው። የአንዱ እርሾ ደክሞ ከሆነ 30ውም እንጀራ አብሮ ይበላሻል። አንቺ ግን ጥፋቱ የዱቄቱ ይመስልሻል።

30 ካሬሽም ከአንድ ቡሃቃ የወጣ እንጀራ ነው። የታጠረው ቦታ ድሮውንም አፈሩ ጥልቅ ወይም ጥላው የበዛ ሊሆን ይችላል። የታጠረውም በምክንያት ይሆናል፤ ወይ ተጎድቶ፣ ወይ ለእርሻ የማይመች ሆኖ። ስለዚህ መቁጠር ያለብሽ አጥሩን ነው። አጥርሽ ደግሞ አንድ ነው።

ብቻሽን አይደለሽም። ስቱዋርት ኸርልበርት የተባለ አሜሪካዊ ኢኮሎጂስት በ1984 እ.ኤ.አ. 176 የታተሙ ጥናቶችን ፈትሾ፣ 27 በመቶው ላይ ይህንኑ የውሸት ድግግሞሽ አግኝቷል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ማዳበሪያ ያገኙትን ችግኞች በሙሉ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ደረደርኩ፤ ያላገኙትን በሩ ጋ። ምን እንደለካሁ እስካሁን አላውቅም።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። ተራርቀው ያሉ ስድስት ቦታዎች ምረጪ። በየቦታው ጎን ለጎን፣ አምስት በአምስት ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች ለኪ። የትኛው እንደሚታጠር ዓይንሽ አይምረጥ፤ ዓይን ሁልጊዜ ለምለሙን ይወዳል። የአንድ ብር ሳንቲም ወርውሪ፦ አንበሳው ከወጣ የላይኛው፣ ሚዛኑ ከወጣ የታችኛው ይታጠር። በየመደቡ ሦስት ካሬ ቆጥረሽ አማካዩን ውሰጂ። ካሬዎቹን ከአጥሩ አንድ ሜትር አርቂ፤ እሾሁ ራሱ ጥላ ይጥላል፣ ነፋስም ይከላከላል።

ለምን ስድስት? ከብት ምንም ለውጥ ባያመጣ እንኳ፣ አምስት ጥንዶች በአጋጣሚ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የማጋደላቸው ዕድል ከ16 አንድ ነው። በስድስት ከ32 አንድ ይሆናል። «እንዲህ ያለ አጋጣሚ ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ይሁን» የሚለውን የተለመደ መስፈርት የምታልፊው ያኔ ነው። ያም ስድስቱም ከተስማሙ ነው፤ አቅም ካለሽ ስምንት አድርጊያቸው።

ሳታጥሪ በፊት አንዴ ቁጠሪ። ያሉትን ችግኞች በባለ ቀለም ክር ምልክት አድርጊባቸው፤ በአንድ ክረምት አዲስ የበቀለውን ከመቁጠር ይልቅ ነባሩ ስንቱ እንደተረፈ ማየት ይቀላል። ቀበሌውን ብቻ ሳይሆን እረኞቹንም አነጋግሪ። እነሱ ካልተስማሙ አጥርሽ በሳምንቱ ማገዶ ይሆናል።

ገንዘቡ ካልተገኘ የድሮውን አጥር አትጣዪው። ግን ርዕሱን አጥብቢው፦ «በዚህ ኮረብታ ላይ የታየ ልዩነት» በዪው፤ «ከብት ችግኝ ይጎዳል» አትበዪ።

ወደ ላብራቶሪ ስለመዞር፦ ችግሩ እዚያም ይጠብቅሻል። አንድ ሳህን ላይ 20 ዘር ብታበቅዪ የሚቆጠረው ሳህኑ ነው። ሥራውን በተመለከተ አላባብልሽም፤ «ኢኮሎጂስት» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አታዪም። ነገር ግን የግብርና ምርምር ማዕከላት ዋና ሥራቸው ይኸው መደብ መክፈል፣ ዕጣ ማውጣትና መድገም ነው። የስሜን ተራሮችን ፓርክ በመሰለ ቦታም ጭላዳና ዋልያ የሚቆጥር ሰው፣ አንድን መንጋ ሁለቴ ላለመቁጠር ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከውጤትሽ በፊት የምጠይቅሽ «ስንት አጥር ነበረሽ?» ብዬ ነው። ጎን ለጎን አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ልመጂ፤ በነጻ ይገኛል።

አጥሩ ሰኔ ሳይገባ መቆም አለበት። ስድስቱን ቦታዎች በአንድ ገጽ ላይ ሣዪና፣ ሳንቲሙ በየቦታው ምን እንዳወጣ ጽፈሽ መጀመሪያ ለአማካሪሽ አሳዪ። ከዚያ ለእኔም ላኪልኝ።