ጎማውን ያስተነፈስኩት እኔ ነበርኩ

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት የብስክሌት ተወዳዳሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ እግሬ ደህና ነው፤ ሐኪምም አይቶኛል። ግን ጠዋት ብስክሌቴን ሳየው ሆዴ ይረበሻል። ባለፈው ውድድር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ‹ምነው ጎማዬ በፈነዳልኝ› እያልኩ ነው የነዳሁት። የድሮ ፍላጎቴን በምን ልመልሰው?»

ሠላሳ ዓመት ያህል ወጣቶችን ሳሠለጥን ይህን የመሰለ ጥያቄ ስንቴ እንደተጠየቅኩ አላስታውስም። መልሱም አፌ ላይ ነው፦ እረፍት ውሰጂ፣ ለጊዜው ከውድድር ራቂ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ለጨዋታ ያህል ንጂ። ይህንኑ ልጽፍላት ቁጭ አልኩና «ጎማዬ በፈነዳልኝ» የምትለው ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የእሷ ጎማ አልፈነዳም። የእኔም ያኔ አልፈነዳም ነበር፤ እኔ አስተነፈስኩት እንጂ።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የቡድን መሪ ነኝ። የጎዳና ውድድር ለማታውቁ፦ አንዱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ሲገምስ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳው ሲሶ ያህል ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ የቡድኑ ልጆች ለአንድ ሰው ነፋስ ይመክታሉ፣ ከመኪና ውኃ ያመላልሱለታል፣ ጎማው ቢፈነዳ የራሳቸውን ነቅለው ይሰጡታል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። በፊተኛው ዓመት ደህና ደህና ውድድሮች ስላሸነፍኩ ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ጥሏል።

ምን እንደነካኝ ዛሬም ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። በአንድ ቀን የመጣ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የቀረው ሰንሰለቴን ማታ ማታ መጥረግ ነው። ድሮ ከእራት በኋላ ጨርቄን ይዤ ማርሹን ጥርስ በጥርስ አጸዳ ነበር፤ ማንም አዞኝ አይደለም። አንድ ማታ ተውኩት። በሳምንቱ ሰንሰለቱ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ልምምድ ላይ ድምፁን እየሰማሁ ዘይት ጠብ ማድረግ ታከተኝ። አጠገቤ የሚነዱት «ኧረ ይህን ብስክሌት ዘይት አጠጣው!» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ማታ ግን አልነካውም።

በዚህ ሁኔታ የብዙ ቀን ውድድር ገባን። ሦስተኛው ቀን ላይ ነፋሱ ከግራ ይመጣል፤ ተወዳዳሪው ሁሉ ከለላ ፍለጋ ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ ተጠግቶ አንድ ረጅም መስመር ሆኗል። እኔ ከጅራቱ ነኝ። በቡድናችን አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ልጁ ልበለው። ያን ቀን ፔዳሉ ከእግሩ ሥር እንደ ውኃ ይፈስለታል። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መጥቶ «ና፣ ከኋላዬ ግባ» አለኝና ፊት ድረስ ወሰደኝ። ሁለቴም ቀስ እያልኩ ተንሸራትቼ ጅራቱ ላይ ተገኘሁ። ሦስተኛ ጊዜ ውኃ ሊያመጣ ወደ መኪናው ቀረ።

ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ቁልቁለት ላይ አውቄ ዘገየሁ። አንድ ጠመዝማዛ አልፌ ማንም እንደማያየኝ ሳረጋግጥ ፍሬን ያዝኩ። ጎንበስ አልኩ። ጎማው የሚነፋበት ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በሁለት ጣቴ ፈታሁና ተጫንኳት። ፊስስስ። አየሩ ሲወጣ ትከሻዬ አብሮ ሲወርድ ታወቀኝ። አሁን መኪናችን ይመጣል፣ «ጎማ ፈነዳብኝ፣ ጉልበቴም አሞኛል» ብዬ እገባለሁ፣ አለቀ።

መኪናው ግን ከኋላ የወደቀ ሌላ ልጅ ጋ ቆሞ ኖሯል። ከጠመዝማዛው ብቅ ያለው ልጁ ነው። ማልያው ጀርባ ላይ ስድስት የውኃ ጠርሙስ አጭቆ ግመል መስሏል። የተኛውን ጎማ አየ። አንድ ቃል አልጠየቀም። ዘሎ ወረደና የራሱን የፊት ጎማ ከነቸርኬው ነቅሎ ለእኔ ገጠመልኝ፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ ኮርቻዬን ይዞ እየሮጠ ገፋኝ። በዚያ በሚያዳልጥ ጫማ! «በርታ! በርታ!» ይላል። ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ እየወደቁ አስፋልቱ ላይ ሲንከባለሉ እሰማለሁ።

«ተው፣ ጎማዬ ምንም አልሆነም» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ነበረኝ። አላልኩም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ነዳሁ። ከዚያ የሚያቋርጡትን የሚለቅመው መኪና ውስጥ ገባሁ፤ ብስክሌቴ ላይ የሱ ጎማ እንዳለ። ልጁ መኪናችን እስኪደርስለት መንገድ ዳር ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ብቻውን ነፋስ እየገመሰ ነዳ። እንዲህ ባለ ውድድር ከአሸናፊው በኋላ በተወሰነው ሰዓት ውስጥ ያልደረሰ በማግስቱ አይወዳደርም። አልደረሰም። በሕይወቱ ምርጥ እግር በነበረው ሳምንት በእኔ ጦስ ሻንጣውን ሸክፎ ተመለሰ።

ያን ቀን ማታ መካኒካችን የእኔን ጎማ ነፍተው ውኃ ውስጥ ነክረው ቀስ እያሉ ያዞሩታል። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ የቸርኬን ሽቦ በጣታቸው ነካ አድርገው በድምፁ ብቻ የላላውን ከጠበቀው የሚለዩ። (ዛሬ ለዚያ መለኪያ አለ። የሳቸው ጆሮ ግን ስቶ አላየሁም።) አንድም አረፋ አልወጣም። እንደገና አዞሩት። ከዚያ ዓይናቸው ተፈትታ የቀረችው ብሎን ላይ አረፈ። በጣታቸው አጠበቋትና ቀና ሲሉ በር ላይ ቆሜ አዩኝ። ልጁም እዚያው ነበርና «ምን ነክቶት ነው?» ሲላቸው «ትንሽ ነገር ናት» ብለው ጎማውን ሰቀሉት። ቢያዋርዱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አራት ወር ቆምኩ። ለሁሉም ጉልበቴን ነው አልኩ። ይታያችሁ፣ ሐኪሙ ጤነኛ ጉልበቴን በበረዶ እያሸ ስንት ሳምንት ለፋብኝ! ውሸት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከጀመርሽው ቀጠሮውን ሁሉ ማክበር አለብሽ። ፍላጎቴ መጥፋቱ ያን ያህል አልጎዳኝም። አድክሞ የጨረሰኝ እሱን ለመደበቅ የተሸከምኩት ነው።

ቶም ዱሙላን ከእኔ ይልቅ ደፋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የጣሊያኑን ትልቅ ውድድር ጂሮ ዲታሊያን ያሸነፈው ይህ ሆላንዳዊ ብስክሌተኛ በጥር 2021 ገና ዓመቱ ሲጀመር ላልተወሰነ ጊዜ አቆማለሁ አለ። ጉልበቴን አላለም፤ ከዚህ ስፖርት ምን እንደምፈልግ ጠፍቶኛል ነው ያለው። በሰኔ ተመልሶ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በግል የሰዓት ሙከራ (እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደምበት) ብር አገኘ። በዓመቱ ደግሞ ጨርሶ ተወው። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ሰው መናገር አይወድም፤ ለእኔ ግን ከብሩ አይተናነስም። አውቆ ተመለሰ፣ አውቆ ሄደ።

ሐኪም አይቶኛል ብለሻል። ድጋሚ ይይሽ፤ በምን ዓይን እንዳየሽ አላውቅማ። ፈረንሳዊቷ ብስክሌተኛ ፖሊን ፌራን ፕሬቮ በአንድ ወቅት የጎዳናውን፣ የተራራውንና የጭቃውን የዓለም ሻምፒዮናነት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይዛ ነበር። ከዚያ ወረደች፤ ስንቱ «ተበላሸች» አላት። ለካ ወደ እግሯ የሚወርደው ደም ሥር ጠቦ ኖሯል፤ በቀዶ ጥገና ተስተካከለ። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በተራራ ብስክሌት ወርቅ ወሰደች፤ በ2025 የሴቶቹን ቱር ደ ፍራንስ አሸነፈች። ብሪታንያዊው ብስክሌተኛ ማርክ ካቨንዲሽም በቫይረስ ተደቁሶ ከከረመ በኋላ በ2018 የድባቴ ሕመም እንዳለበት በሐኪም ተነገረው። በ2020 መገባደጃ ላይ ካሜራ ፊት እያለቀሰ ምናልባት ይህ የመጨረሻ ውድድሬ ነው ያለ ሰው፣ በቀጣዩ ዓመት ቱር ደ ፍራንስ ላይ አራት ጊዜ አሸንፎ የቤልጂየማዊውን ኤዲ መርክስን የ34 የዕለት ድል ክብረ ወሰን ተስተካከለ፤ በ2024 ደግሞ 35ኛውን ጨመረ። አንቺንም ከብስክሌቱ ሌላ ሙዚቃው፣ ጓደኛው፣ ምግቡ ሁሉ ካስጠላሽ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የሐኪም ነው፤ ቶሎ ሂጂ።

ስለ እንቅልፍና ስለ አመጋገብ አልነግርሽም፤ ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ግን ልናገርና ተቆጡኝ፦ የዛሬ ልጆች ብቻችሁን ነድታችሁ አታውቁም። ከቤት ወጥታችሁ እስክትመለሱ ዋቱ (እግራችሁ ፔዳሉን የሚገፋበት ኃይል)፣ የልብ ምቱ፣ ፍጥነቱ ይመዘገባል፤ ከዚያ ለሰው ሁሉ ይለጠፋል። ስትደክሙ እንኳ በምስክር ነው። እኛ የደከምንበትን ቀን የምናውቀው እኛው ነበርን። እርግጥ ነው፣ እኔው ራሴ አምና አንዱን ልጅ ያተረፍኩት በዚሁ መለኪያ ነው፦ ያንኑ ዋት እየገፋ የልብ ምቱ ከፍ አልል ሲል፣ የጠዋት ምቱም ሲዛባ፣ ሰውነቱ እንደዛለ ገብቶኝ ሦስት ሳምንት አሳረፍኩት። ስለዚህ መለኪያውን ጣዪው አልልሽም። በሳምንት ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ ይተኛ።

የእኔ እንዴት ተመለሰ? በአራት ወሩ መሃል መካኒኩ ሰው አንሷቸው «እጅህ ካልታመመ ና አግዘኝ» አሉኝ። ስለ ጉልበቴ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ብስክሌት አጥባለሁ፣ ጎማ እለጥፋለሁ፣ የሌሎችን ሰንሰለት እጠርጋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንዱን ማርሽ አስተካክለን «እስቲ ጥግ ድረስ ንዳና ሲቀየር ስማው» አሉኝ። የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ፣ በተራ ጫማ ወጣሁ። ማርሹ ቀጥ ብሎ ይቀየራል፤ ደስ ይላል። ከፍ አደረግኩት፣ ዝቅ አደረግኩት። ዳገት ላይ ልሞክረው አልኩ። ዳገቱ አለቀ፤ ከወዲያ ያለው ቁልቁለት ላይስ? ልብ ስል መሽቷል፤ መብራት አልያዝኩም፤ ከወርክሾፑ አንድ ሰዓት ርቄያለሁ፤ የሚጠብቁኝ ሰውዬ እራታቸውን አልበሉም። ስመለስ በሩ ላይ ቆመው «እሺ፣ ማርሹስ?» አሉኝ። «ሁለተኛው ትንሽ ይንተፋተፋል» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ነገም እንዲልኩኝ ፈልጌ ነው።

ይኼኛው ውሸት ቆጭቶኝ አያውቅም።

ወደ ውድድር የተመለስኩት በረዳትነት ነው፤ ውኃ አመላላሽ ሆኜ። ከመሪነቱ ይልቅ ያ ደስ ይለኝ ነበር። ልጁ ግን ያኔ ወደ ሌላ ቡድን ሄዷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ስፖርቱን ተወ። ስለ እኔ ነው አልልም፤ እንዲህ ብሎ ማሰብ ራሱ ትዕቢት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የታዳጊዎች ውድድር ላይ ሴት ልጁን ይዞ አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝና ወደ ሴት ልጁ ዞሮ «ጎማዬን የሰጠሁት ሰው ይህ ነው!» አላት። ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ጠርሙሶቹ የወደቁትን ሳይቀር። ሲተርክላት እንደኖረ ያስታውቃል፤ ከብስክሌት ዘመኑ የሚኮራበት አንዱ ቀን ያ ነው። አብሬው ሳቅኩ። ምን ላድርግ? እዚያ፣ ሴት ልጁ ፊት፣ ምን ልበለው?

እህቴ፣ ሦስት ሳምንት ቀረው ያልሽውን ውድድር ሂጂም አትሂጂም አልልሽም። ዛሬ ማታ ግን አሠልጣኝሽ ጋ ደውዪ። ሌላ ቃል አትፈልጊ፤ ለእኔ የጻፍሽውን፣ «ምነው ጎማዬ በፈነዳልኝ እያልኩ ነው የነዳሁት» ያልሽውን፣ እንዳለ አንብቢለት። እሱ ከተቆጣሽ የእኔን ስልክ ስጪው።