ገንዳ ውስጥ ሰው ሲወድቅ የሚጮኸው አላርም፦ ጥያቄያችሁና መልሳችን

ሰሞኑን ስለ መዋኛ ገንዳ አላርም የጻፋችሁልን በዛ ብላችኋል፣ ስለዚ የዚህን እትም አምድ ሙሉውን ለሱ ሰጥተነዋል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል፣ ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች ደሞ ትንሽ አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የ3 ዓመት ልጅ አለችኝ። አሁን የገባንበት ቤት ግቢው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አለው፣ አጥር ግን የለውም። ባለቤቴ አጥር ግቢውን ያበላሸዋል፣ አላርም ገዝተን እንገጥምበታለን በቃ ይለኛል። እኔ ግን ልቤ አልረጋም። ለመሆኑ መሳሪያው ሰው መውደቁን በምን ያውቃል? አምኜው ኩሽና ገብቼ ስራዬን መስራት እችላለሁ? (የአንዲት ልጅ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ አለመርጋቱ ልክ ነው፣ ግን መጀመሪያ አሰራሩን ልንገርሽና ከዛ ወደ ባለቤትሽ ሀሳብ እንመጣለን።

በብዛት የሚሸጡት ሁለት አይነት ናቸው። አንዱ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነው፣ ውሃው ሲናወጥ እሱም ይናወጣል፣ ከተወሰነ በላይ ከተወዛወዘ ይጮሃል፣ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ሁለተኛው ገንዳው ጠርዝ ላይ የሚገጠም ሳጥን ነው፣ ከስሩ አንድ ቱቦ ወደ ውሃው ይገባል። ቱቦው ከታች ክፍት ሆኖ ከላይ በኩል አየር ታምቆበታል። ከባድ ነገር ገንዳ ውስጥ ሲገባ በዓይንሽ ከምታይው ፍንጥርጥር ሌላ አንድ ረጅም ሞገድ ይነሳል፣ ማለት ውሃው ከላይ ብቻ ሳይሆን እስከ ታች ድረስ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ በዚህ ጊዜ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃም ትንሽ ከፍ ይልና አየሩን ይጫነዋል፣ ሴንሰሩ ይቺን የግፊት ለውጥ ነው የሚያነባት። ንፋስ የሚያነሳው ሞገድ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ስለሆነ ወደ ታች ብዙም አይደርስም፣ ለዛ ነው ይሄኛው እንደ ተንሳፋፊው በትንሽ በትልቁ የማይጮኸው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2000 የተለያዩ አላርሞችን ሞክሮ ባወጣው ሪፖርት ላይ የተሻለ ውጤት ያገኘው ከውሃው ስር በሚያነቡት ነው። ስለዚ ከሁለቱ ምረጪ ካልሽኝ ቱቦ ያለውን ውሰጂ።

ድክመቱስ? መሳሪያው የሚያውቀው ሞገድን ነው፣ ልጅን አደለም። ከጠርዙ ላይ ጧ ብሎ የወደቀ ልጅ ጥሩ ሞገድ ያስነሳል። ልጅሽ ግን የገንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን ነክራ፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሚቀጥለው ቀስ እያለች ብትንሸራተት ውሃው ያን ያህል ላይናወጥ ይችላል፣ የ3 ዓመት ልጅ ደሞ ብዙ ጊዜ ወደ ውሃ የምትገባው እንደዛ ነው፣ እየተጫወተች። አንዳንዱ መሳሪያ በዚህ መሀል ዝም ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ክርክሩን ለማሸነፍ የፈረንሳይን ሕግ ይዞ ሊመጣ ይችላልና ቀድመሽ እወቂው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ባወጣችው ሕግ መሬት ውስጥ የተሰራ የግል ገንዳ ያለው ሰው ከ4 ነገሮች አንዱን እንዲያደርግ ታስገድዳለች፦ አጥር፣ አላርም፣ መሸፈኛ፣ ወይም ገንዳውን እንዳለ የሚያለብስ ቤት መሰል መከለያ። አንዱ ይበቃል ነው የሚለው፣ ስለዚ አላርም ብቻ ያለው ሰው ሕጉን አክብሯል። ግን አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እያቸው። ሶስቱ ልጅቷን ውሃው ጋ እንዳትደርስ ነው የሚያደርጉት፣ አላርሙ ብቻ ነው ከደረሰች በኋላ የሚናገረው። በኔ ግምት እነዚህ ነገሮች እኩል ተደርገው መቆጠር አልነበረባቸውም፣ ሕግ አውጪዎቹ ግን ለሰው ምርጫ መስጠት ፈልገዋል።

ገንዳውን በአራቱም አቅጣጫ ለብቻው የሚከብ አጥር የትንንሽ ልጆችን የመስጠም አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ልብ በይ፣ የግቢ አጥር አላልኩም፣ ከቤቱም የሚለየው አጥር ነው ያልኩት። ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ፣ በብረቶቹ መሀል ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ክፍተት፣ በሩ ለቀቅ ሲያደርጉት በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ፣ ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ውጪ የሚከፈት። ግቢ ያበላሻል ለሚለው ተነቃይ የመረብ አጥርም አለ፣ ትልልቅ እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ ይታጠፋል። በአራተኛው በኩል የቤቱ ግድግዳ ከሆነና በር ካለው ደሞ በሩ ላይ የበር አላርም ይገጠም፣ ማጥፊያ ቁልፉ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ሆኖ፣ በአሜሪካ ብዙ ቦታ ከወለሉ 1 ሜትር ከ37 ገደማ ነው የሚባለው። እውነቴን ነው፣ ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የገንዳውን አላርም ተዉትና አጥሩን ስሩ። ለጥያቄሽ ደሞ፣ አይ፣ አምነሽው ኩሽና አትገቢም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ የልጅ ልጆቼ ቅዳሜና እሁድ ይመጡብኛል። ልጄ አንድ የገንዳ አላርም ገዝታ ላከችልኝ። እኔ ግን ልጁ ከወደቀ በኋላ የሚጮህ ነገር ምን ይረባኛል እላለሁ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንም ወይ? (አንድ አያት)

መልስ፦ አባታችን፣ እዚህ ላይ ጅቡ ገና አልሄደም፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው። ውሃ ውስጥ የወደቀ ትንሽ ልጅ ሰው እንደሚያስበው አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውሃው ብቅ በሚልባት ቅጽበት ትንፋሽ መሳብ እንጂ መጣራት አይችልም፣ እጆቹ ደሞ ውሃውን ወደ ታች ሲጫኑ ነው የሚቆዩት። ከጀርባዎ ሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ ላይሰሙት ይችላሉ። በሁለት ደቂቃ አካባቢ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ኦክስጅን ሳያገኝ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ ደሞ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። አላርሙ የሚሰጥዎት እነዚህን ደቂቃዎች ነው። ያለሱ ልጁ ጠፋ ብለው መጀመሪያ መኝታ ቤት፣ ከዛ ጓሮ፣ ከዛ ጎረቤት ሲፈልጉ ያልፋሉ።

ግን ደቂቃዎቹን ለማግኘት መጀመሪያ ጩኸቱ እርስዎ ጋ መድረስ አለበት። የነዚህ መሳሪያዎች ድምጽ ብዙ ጊዜ የሚለካው በ3 ሜትር ርቀት ነው፣ 85 ዴሲቤል ይባላል። ድምጽ ደጅ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚ በ6 ሜትር 79፣ በ12 ሜትር 73፣ በ24 ሜትር 67 ይሆናል። አሁን መስኮትና በር ዘግተው ሳሎን ተቀምጠዋል እንበል፣ ግድግዳውና መስታወቱ ሌላ 20 ይበላሉ፣ የቀረው ቀስ ብሎ እንደሚያወራ ሰው ነው፣ ቴሌቪዥኑ ይውጠዋል። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ ሪሲቨር (ከገንዳው መሳሪያ ምልክት ተቀብሎ እዛው ቤት ውስጥ የሚጮህ ሳጥን) ያለው መሳሪያ ብቻ የሚገዛው። ልጅዎ የላከችው ሪሲቨር ከሌለው ደውለው ይጠይቋት፣ ለብቻው ይሸጥ ይሆናል።

ከዛ ይሞክሩት። ጀሪካን ወስደው 8 ሊትር ውሃ ይሙሉበት፣ 8 ኪሎ ማለት ነው፣ ኤኤስቲኤም ኤፍ2208 የሚባለው የአሜሪካ ስታንዳርድም መሳሪያዎቹን የሚፈትነው ወደዚህ በሚጠጋ ክብደት ነው። እጀታው ላይ ገመድ እሰሩለት፣ ከአላርሙ በጣም የራቀው የገንዳ ጥግ ላይ ያስቀምጡትና በእግርዎ ገፋ ያድርጉት፣ ከፍ አድርገው አይወርውሩት፣ ልጅ ከሰማይ አይወርድም። ሞገዱ ገንዳውን አቋርጦ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፣ ያ ችግር የለውም። የሚያዩት ነገር፣ ሳሎን ቴሌቪዥን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ሰምቶ፣ ተነስቶ፣ ጫማ ሳይፈልግ፣ የቆለፈውን በር ከፍቶ ገንዳው ጠርዝ ላይ እስኪቆም ስንት ጊዜ ፈጀበት የሚለው ነው። ሰዓት ይያዙ። ብዙ ቤት ውስጥ ጊዜውን የሚበላው የበሩ ቁልፍ ነው፣ የት እንደተቀመጠ እየተፈለገ።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፣ ደርሰው ያወጡት ልጅ ካልተነፈሰ ውሃውን ላስወጣ ብለው ሆዱን አይጫኑ፣ ዘቅዝቀውም አይያዙት። የሰጠመ ሰው ያጣው አየር ነው፣ ስለዚ የሚጀመረው በትንፋሽ ነው፣ የአውሮፓው መመሪያ መጀመሪያ 5 ትንፋሽ ይላል፣ የአሜሪካው 2፣ ከዛ 30 ጊዜ ደረት መጫንና 2 ትንፋሽ እያፈራረቁ እርዳታ እስኪደርስ መቀጠል ነው። ቤት ውስጥ ካሉት ሁለት ሰው ቢሰለጥኑበት ጥሩ ነው፣ ልጅዎ ለስጦታ ሌላ ነገር ካሰበች ይሄን ይጠይቋት።

ጥያቄ፦ የኔ ተንሳፋፊው ነው፣ ሌሊት ሌሊት ዝም ብሎ ይጮሃል፣ ጎረቤት ሁሉ አማረረኝ፣ በመጨረሻ ባትሪውን አውጥቼ አስቀመጥኩት። ምን ላርገው? (የሰለቸው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባትሪ የሌለው አላርም ማለት ምንም የሌለው ገንዳ ማለት ነው፣ እንደውም ይባሳል፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አለ ብሎ ተዘናግቶ ስለሚቀመጥ። መጀመሪያ ምን እንደሚያስጮኸው እወቅ። ሌሊት የሚሰራ ፓምፕ አለህ? ፓምፑ ውሃውን የሚመልስበት ቀዳዳ ፊት ለፊት ተንሳፋፊ ነገር ካለ ይገፋዋል፣ ቦታውን ቀይርለት። ገንዳ የሚያጸዳ ሮቦት በሰዓት እየተነሳ እንደሆነም እይ። ሁለቱም ካልሆኑ ንፋስ ነው፣ ወይ ውሃ ሊጠጣ የሚመጣ ውሻ። የስሜቱን መጠን የምትቀንስበት ማስተካከያ ካለው ትንሽ በትንሽ ቀንስ፣ ግን በነካካኸው ቁጥር ከላይ ለአባታችን የነገርናቸውን የጀሪካን ሙከራ ድገመው፣ ምክንያቱም ንፋስ የማይሰማ አድርገህ ልጅም የማይሰማ ልታደርገው ትችላለህ። ቦታው በጣም ንፋስ ከሆነ ትግሉን ተወውና ቱቦ ወዳለው ቀይር።

ሳልረሳው፣ ስትገዛ በራሱ ተመልሶ የሚነቃውን ምረጥ። ለመዋኘት ብለህ ታጠፋዋለህ፣ ከዛ ሁሉም ፎጣ ለብሶ ምሳ ሊበላ ይገባል፣ ማንም ትዝ አይለውም፣ ኳሱ ደሞ ውሃው ላይ ቀርቷል፣ ትንሹ ልጅ ለኳሱ ይመለሳል። አደገኛው ሰዓት ይሄ ነው። ጥሩዎቹ መሳሪያዎች ውሃው ከረጋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸው ይነቃሉ። ኳሱንም ከገንዳው አውጡት።

ጥያቄ፦ ልጅ እጅ ላይ የሚታሰር ውሃ ሲነካው የሚጮህ አምባር አየሁ፣ ከገንዳው አላርም አይሻልም? ካሜራና አፕስ?

መልስ፦ አምባሩ ጥሩ ጎን አለው፣ ቀስ ብሎ የተንሸራተተውንም ልጅ ይይዛል። ግን የሬዲዮ ሲግናል ውሃ ውስጥ ብዙ አይሄድም፣ ስለዚ ስትገዛ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፣ ሪሲቨሩ የሚጮኸው ሲግናል ሲደርሰው ነው ወይስ ሲግናል ሲቋረጥበት? ሲቋረጥበት የሚጮኸው ይሻላል፣ ምክንያቱም የሰመጠ አምባር ምንም መልእክት ላይልክ ይችላል። ሌላው፣ አምባሩ የሚጠብቀው ያሰረውን ልጅ ብቻ ነው። እጁን ሲታጠብ እየጮኸበት የወለቀለትን፣ ሊጫወት የመጣውን የጎረቤት ልጅ አያውቃቸውም። ካሜራ ተጨማሪ ከሆነ አይከፋም፣ ግን ዋይፋይ ሲቋረጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ስልክህ ሳይለንት ላይ ሲሆን ማን ይነግርሃል? ያለ ስልክ የራሱ ሳይረን የሌለውን አትግዛ።

ጥያቄ፦ የኛ በአየር የሚነፋ የልጆች ገንዳ ነው፣ ለሱም አላርም ይሰራል?

መልስ፦ እህት፣ ለሱ ገንዘብሽን አታውጪ። ልጆቹ ሲወጡ ውሃውን ድፊና ገልብጪው። ትንሽ ልጅ ለመስጠም ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃም ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ በላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ እናለብሰዋለን፣ አላርሙን ከሱ ጋር መጠቀም እንችላለን?

መልስ፦ ተንሳፋፊውን አትችሉም፣ ፕላስቲኩ ሞገዱን ያፍነዋል። ከውሃው ስር የሚያነበው ከመሸፈኛ ጋር ሊሰራ ይችላል፣ መመሪያው ላይ ከተጻፈ ማለት ነው፣ ከተጻፈም በኋላ ፕላስቲኩ ተዘርግቶ እያለ በጀሪካን ሞክሩት። ይሄ ሙቀት የሚይዘው ስስ ፕላስቲክ ሰው የሚሸከመው የደህንነት መሸፈኛ አደለም፣ ልጅ ቢረግጠው አብሮት ይሰምጥና ከላዩ ተመልሶ ይገጠማል፣ ከላይ ለሚያየው ሰው ገንዳው ባዶ ይመስላል። ስትዋኙም ግማሹን ብቻ ገልጣችሁ አትግቡ፣ ሙሉ በሙሉ አንስታችሁ ነው።