ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት መኪናው እየተነዳ ቮልቱን ያስለኩ

ወንድሜ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የተሠራው ፎርድ ትራንዚት ካምፐርዎ (ማደሪያ ያለው መኪናዎ) ግማሽ ቀን ተነድቶም የቤቱ ባትሪ፣ ማለትም የማደሪያውን ክፍል ዕቃዎች የሚያሠራው ሁለተኛው ባትሪ፣ ከግማሽ በላይ እንደማይሞላ፣ ጋራዡም ከፍ ያለ ባትሪ እንዲገዙ እንደመከረዎት ጽፈው ምን እንደሚሻል ጠይቀዋል። እባክዎ አይግዙ። እኔም እዚሁ ጀርመን ዩሮ 6 የተባለውን የአውሮፓ የጭስ ደረጃ የሚያሟላ ትራንዚት ስለምነዳ ችግሩን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ባለ ምክር ያወጣሁትን ገንዘብ ሌላ ሰው እንዲያወጣ አልፈልግም።

አንደኛ፣ የእነዚህ መኪኖች ዲናሞ እንደ ድሮው ሁልጊዜ 14 ቮልት አይሰጥም። የሞተሩ ኮምፒውተር የማስነሻው ባትሪ መሙላቱን ሲያይ ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ ወደ 15 ሊጠጋ ይችላል። ኤ ጂ ኤም የሚባለው የታሸገ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ግን ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ 14.4 ቮልትና ከዚያ በላይ ለብዙ ሰዓት ማግኘት አለበት። በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ያለው ሪሌ የሚያገናኝና የሚለያይ እንጂ ቮልት የሚጨምር ዕቃ ስላልሆነ፣ ከፊት ካለው ከማስነሻው ባትሪ 12.5 ቮልት ከመጣ ከኋላ ወደ ቤቱ ባትሪ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቮልት እያየ የሚሠራ ዓይነት ከሆነም እየነዱ ሳለ ጭራሽ ያቋርጠዋል።

እኔ የሄድኩበት ጋራዥ መኪናው እየተነዳ ቴስተር ይዞ ቢለካ ኖሮ ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ያገኘው ነበር። እነሱ ግን ደህናውን ባትሪ አውጥተው አዲስ ሸጡልኝ። አዲሱም አልሞላ ብሎኝ ተመልሼ ስጠይቅ፣ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ማቀዝቀዣውን አብዝታችሁ ስለምትጠቀሙ ነው» አለኝ። ለምርመራ ብለው ሌላ ሂሳብ ጨመሩብኝ፤ ደረሰኙ ላይ ግን የተለካ አንድም ቁጥር አልነበረም። መፍትሔው የመጣው አዲስ አበባ የመኪና ኤሌትሪክ ሲሠራ ከኖረ ወዳጄ ነው። እኔ አውራ ጎዳናው ላይ ስነዳ እሱ ከኋላ ተቀምጦ ቴስተሩን እያነበበ «12.5 ነው፤ በዚህ እንዴት ይሞላል?» አለኝ፤ ጥፋቱ የአጠቃቀሜ እንዳልነበር ያን ጊዜ ተረጋገጠልኝ።

ሁለተኛ፣ ሪሌውን አስወጥተው በቦታው ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ያስገቡ። ይህ ዕቃ ዝቅ ብሎ የመጣውን ቮልት ባትሪው ወደሚፈልገው መጠን ከፍ አድርጎ በየደረጃው ይሞላል። ለ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 30 አምፔር የሚሰጠው ይበቃል፤ ነገር ግን ከፊት ወደ 40 አምፔር ሊስብ ስለሚችል በድሮው ቀጭን ሽቦ አይሞክሩት። የቤቱ ባትሪ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ አምስት ሜትር ቢርቅ፣ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 30 አምፔር ሲያልፍበት ደርሶ መልሱ 0.9 ቮልት ገደማ ይበላል፤ በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን ኪሳራው ወደ ሲሶ ቮልት ይወርዳል። በሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለ ፊውዝም በሁለቱም ጫፍ፣ ከባትሪው አጠገብ ይግባ። የቻርጀሩን ኔጌቲቭ ሽቦ በቀጥታ በማስነሻው ባትሪ ራስ ላይ አያሳስሩት፤ እዚያ ያለው ሴንሰር የሚያልፈውን ኃይል ሁሉ እንዲቆጥር ሽቦው ከመኪናው ቦዲ ጋር መያያዝ አለበት።

ሽቦውን የዘረጋነው እኔና ወዳጄ ነን፤ በሥራችንም እኮራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ፈትኖን ነበር፦ ቻርጀሩ ቮልቱ በወረደ ቁጥር ሞተሩ የጠፋ እየመሰለው ሥራ ያቆም ነበር። ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ ቀጭን ሽቦ ስናገናኝለት ችግሩ ተወገደ። እርስዎም ሲያስገጥሙ ይህች ሽቦ እንዳትረሳ።

ወደፊት ሊቲየም ለመግዛት ካሰቡ ደግሞ በሪሌ ብቻ አያገናኙት፤ ሊቲየም ዲናሞው የሚችለውን ያህል ስለሚስብ፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ዲናሞውን እስከማቃጠል ሊያደርስ ይችላል። በዚህ አገር ክረምት ደግሞ የባትሪው ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን ቻርጅ ማድረግን ራሱ የሚከለክል መቆጣጠሪያ ያለውን ይምረጡ።

ለጋራዥ የሚሰጡ ከሆነ፣ ቁልፉን ከማስረከብዎ በፊት መኪናው እየተነዳ በሁለቱም ባትሪዎች ላይ ስንት ቮልት እንዳለ ለክተው በጽሑፍ ይሰጡዎት እንደሆነ ይጠይቁ። አንሰጥም ካሉ ቁልፉን ይዘው ይውጡ።