ያልሰማሁት ስፖት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሳቢያን ሰፈር ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ አንድ የማስታወቂያ ስፖት ሬዲዮ ላይ ስንት ጊዜ እንደተላለፈ ኮምፒውተር ራሱ ቆጥሮ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ። ዋተርማርክ ይሻለኛል ወይስ የድምፅ አሻራ? አንተ በየትኛው ነበር የምትሠራው?» አንተ እያለች ነው። ድሬ ነው፣ እዚህ አንቱታ ብዙም አይበረክትም።

መልሱ ሁለት መስመር ነበር። ጀምሬ አጠፋሁት። ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ አሥራ አምስት ዓመት ወደኋላ ወስዳኝ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ስለዚህ መልሱ ረዘመ። ሌሎቻችሁም ወጣቶች ብታነቡት ደስ ይለኛል። ስለ ሲቪ አጻጻፍና በሰዓት ስለ መገኘት ግን አልነግራችሁም፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

መጀመሪያ ሁለቱን ነገሮች ልለይላችሁ። ግመል ገበያ ሄዳችሁ ከሆነ፣ ግመሉ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አይታችኋል። ባለቤቱ አስቀድሞ ያደረገው ነው። ዋተርማርክ እንደዚያ ነው፤ ስፖቱ አየር ላይ ከመውጣቱ በፊት ጆሮ የማይለየው ምልክት ድምፁ ውስጥ ይቀበራል። አሻራ ሌላ ነው። ግመሉ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ እረኛው ግን ከመቶ ግመል መሃል በአረማመዱ ይለየዋል።

ምልክት መቅበሩ የዛሬ ነገር አይደለም። ሙዛክ የሚባለው፣ ለሱቅና ለቢሮ ሙዚቃ ያከራይ የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ኤሚል ሄምብሩክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ በ1961 ተሰጠው። ዘዴው ደስ ይላል። ከሙዚቃው ላይ 1 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለችውን ቀጭን ድምፅ እያጠፋ እየመለሰ በሞርስ ኮድ የዘፈኑን ማንነት ይጽፍበታል። አርቢትሮን የሚባለው የአሜሪካ አድማጭ ቆጣሪ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ፊላዴልፊያና ሂዩስተን ላይ የሬዲዮ አድማጭ የቆጠረው ምልክት በመቅበር ነው፤ ሰው ቀበቶው ላይ ፔጀር የምታክል መሣሪያ አንጠልጥሎ ይዞራል፣ መሣሪያዋ በጣቢያው ድምፅ ውስጥ ያለውን ስውር ኮድ ትለቅማለች። ኮዱ የማይሰማው ሌላ ድምፅ ስለሚሸፍነው ነው። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ መሃል ሆኖ ሹክ እንደማለት። ጩኸቱ ጋብ ሲል ሹክታውም ይጋለጣል፤ ስለዚህ ጸጥታ በሚበዛበት ንግግር ላይ ኮዱ መደበቂያ ያጣል።

ይኼ ይበቃል። አሁን ወደ ራሴ።

በ2002 ዓ.ም. ከዚራ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሥራዬ ሬዲዮ መስማት ነው። ነጋዴ ለጣቢያ ከፍሎ ማስታወቂያ ያስነግራል፣ መነገሩን ግን ማን ያይለታል? ሱቁን ጥሎ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ላይ አይተከል። እና እኔን ይቀጥራል። መጀመሪያ በወረቀት ነበር የምሠራው፤ ሰዓት፣ የስፖቱ ስም፣ ራይት። የድሬን የግንቦት ከሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሽርጥ አሸርጬ፣ ቬንትሌተሩ የሞቀውን አየር ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየገፋ፣ ሬዲዮው ፊት ቁጭ። ከምሳ በኋላ የተሞሉት ራይቶች ሁሉ እውነት ናቸው ብዬ አልምልም። አንዳንዱን የሞላው እንቅልፌ ነው።

ኮምፒውተሩን ያመጣሁት ለዚህ ነው። ሬዲዮ የሚቀበል ካርድ ከታይዋን ገበያ ገዛሁ፣ ቀን ከሌት እንዲቀዳ አደረግሁት። አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ስለ ድምፅ አሻራ ሁለት ጽሑፍ አመጣልኝ። አንደኛው ሃይትስማና ካልከር የሚባሉ የፊሊፕስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ነው። ሁለተኛው የሻዛሙ ኤቨሪ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2003 የጻፈው። ሻዛም ጽሑፉ ሲወጣ ገና አፕ አልነበረም፤ ሎንዶን ላይ 2580 ደውለህ ስልኩን ለስፒከሩ ታስጠጋለህ፣ የዘፈኑ ስም በመልእክት ይመጣልሃል። እኔ የፊሊፕሱን መንገድ ያዝኩ። ከ300 እስከ 2000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ከወፍራም እስከ ቀጭን በ33 መደብ ይከፍለዋል፣ በየ11.6 ሚሊሰከንዱ የጎረቤታሞቹን መደቦች ጉልበት እያነጻጸረ 32 ቢት፣ ማለት 32 ዜሮና አንድ፣ ያወጣል። ሦስት ሰከንድ ከሰማ ስፖቱን ያውቀዋል። ከኢንተርኔት ባገኘሁት ኮድ ላይ ቀጣጥዬ ሠራሁት።

ሲሠራ እንዴት እንደኮራሁ! አባቴ ምድር ባቡር ነበር፤ ቤታችን ተቀምጦ የሚመጣውን ባቡር በድምፁ ብቻ የትኛው እንደሆነ ይነግረን ነበር፣ እኛ ልጆቹ ሮጠን ሄደን ቁጥሩን አይተን እንመለሳለን። ብዙ ጊዜ ይገጥምለታል። ያንን ማሽን ስሠራ የአባቴን ጆሮ ሳጥን ውስጥ የከተትኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሀጂ መጡ። መጋላ የፍራሽ ሱቅ አላቸው። በአንድ ጣቢያ በቀን አራት ጊዜ፣ ሁለት ጠዋት ሁለት ከሰዓት፣ ለ12 የሥራ ቀን ስፖት ከፍለዋል። 48 ማለት ነው። ሪፖርቱን አወጣሁ። ጠዋት ከ24ቱ 23 ተገኝቷል፤ አንዷ የቀረችው መብራት ጠፍቶ የኔው ኮምፒውተር ስለተኛ ነው። ከሰዓት ዜሮ። አንድም።

ከሰዓት የሚሠራው ሁልጊዜ አንድ ልጅ ነው፤ ኦፕሬተር፣ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ። ሠንጠረዡን ያየ ሁሉ ወዲያው ያሰበው አንድ ነገር ነው። ልጁ የሀጂን ሰዓት ለሌላ ሸጦታል። እኔም እንዲሁ አሰብኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። «የፍራሹን ማስታወቂያ? በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቡና ሳፈላ እሰማው የለ እንዴ» አለችኝ።

«የጠዋቱን ነው የሰማሽው» አልኳት።

«እኔ ጠዋት ሬዲዮ ከፍቼ አውቃለሁ?»

«ኮምፒውተሩ አልሰማውም» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት፣ ቃል በቃል። ረከቦቱን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ጣቢያው ቢሮ ተሰበሰብን። ሀጂ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ እኔና ልጁ። ልጁ «አስተላልፌያለሁ» አለ። ሁለት ጊዜ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሠንጠረዡን አዙሮ ሰጠው። ከዓምዶቹ አንዱ «ያልተላለፈ» ይላል፣ ከሥሩ 24 የሚል ቁጥር አለ። ልጁ ቁጥሩን አየው አየውና ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ አንተ ራስህ ቅጂውን ሰምተኸዋል?»

«ማሽኑ ሰምቶታል» አልኩ።

በዚያው ሳምንት ተሰናበተ። ለሀጂ የግማሹ ገንዘብ ተመለሰላቸው። እኔም ተከፈለኝ።

ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ የድሮ ቅጂ እያጠፋሁ ነበር፤ ከማጥፋቴ በፊት እዚህም እዚያም እየነካካሁ አሰማለሁ። ባለቤቴ የተሰጣ ልብስ ይዛ ስታልፍ ቆም አለች። «ይኸውልህ፣ ፍራሹ» ብላ አለፈች።

እውነትም ፍራሹ ነው። ያቺ የማስታወቂያው ሴትዮ፣ ያው «ወገብዎን» የምትለው ድምፅ። ትንሽ ልጅነት ተጨምሮባታል እንጂ። ዋናውን ከፍቼ ጎን ለጎን ለካሁት። ዋናው 31 ሰከንድ ተኩል ነው። ከሰዓት የተላለፈው ልክ 30።

ከ31 ተኩል ወደ 30 ማለት 5 ከመቶ ማፍጠን ነው። የሰው ጆሮ ብዙም አይገርመውም። የኔ ማሽን ግን መደቦቹ እያንዳንዳቸው ስፋታቸው 6 ከመቶ ገደማ ነው። ድምፁን 5 ከመቶ ስትገፋው ሁሉም ነገር ወደ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ቢቶቹ ይገለባበጣሉ፣ ሰዓቱም አብሮ ይሸሻል። ለማሽኑ ሌላ ድምፅ ነው። ቅጂውን 5 ከመቶ አዘግይቼ እንደገና አስፈለግሁት። 24 ከ24።

ኋላ የጠዋቱን ኦፕሬተር አግኝቼ ጠየቅሁት። እሱ ስፖቱን የሚያጫውተው ከመጣበት ሲዲ ላይ ነበር፣ ለሰከንድ ተኩል ግድ የለውም። የከሰዓቱ ልጅ ግን ሀጂ «ሠላሳ ሰከንድ ካለፈ ዋጋው ይጨምራል አሉኝ፣ ምን ይሻላል?» ብለው ሲጨነቁ ሰምቷል። እና ኮምፒውተሩ ላይ ጨመቅ አደረገላቸው። በነጻ። ማንም ሳይጠይቀው።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄድኩ፤ «አሁን ምን ይደረግ?» አሉኝ። ሀጂ ጋ ሄድኩ፤ ዝም ብለው ቆዩና የተመለሰላቸውን ብር ቆጥረው «ለልጁ አድርስ» ብለው ሰጡኝ። ልጁ ጅቡቲ ሄዷል፣ ወደብ ላይ ጭነት ይመዘግባል አሉ። ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩ። ይቅርታዬን እንኳ እስክጨርስ አልጠበቀኝም፤ «አቦ ተወው ጋሼ፣ አለፈ» አለና ስለ ጅቡቲ ሙቀት ያወራኝ ጀመር። ብሩን በሹፌር ላክሁለት። መድረሱን አልጠየቅሁም።

እናንተ ዛሬ ይህን ስታነቡ «ቀላል ነው፣ የተሻለ አልጎሪዝም አለ» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ አለ። የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ፓናኮ የሚባል ፕሮግራም ድምፁ ቢፈጥንም ቢቀጥንም ያገኘዋል፣ በነጻ ነው፣ አውርዱት። እኔን ያንገበገበኝ ግን አልጎሪዝሙ አይደለም፤ የጻፍኩት የዓምድ ርእስ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው «ያልተገኘ» የሚለውን ብቻ ነበር። «ያልተላለፈ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ፣ ስለሚያምር። ደግሞ አንድ ቅጂ መስማት ሠላሳ ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

እናንተ ላይ የማየው ይኼንኑ ነው፤ አትቀየሙኝ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴና ቀይ ካያችሁ ጨረሳችሁ። ጆሯችሁ ላይ ቀንም ማታም ኢርፎን አለ፣ ግን ከተማው ውስጥ የሚነገረውን ሬዲዮ የሚሰማ ከመሃላችሁ ስንት ነው? እናታችሁ ቡና እያፈላች የምትሰማውን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ደግሞ እኔም ማን ሆኜ ነው የምናገረው፤ በእጅ ስቆጥር እንቅልፌ ራይት ሲያደርግ የነበርኩ ሰው። ማሽኑ ይሻላል። በእጅ ቁጠሩ አልልም፣ በጭራሽ።

አሁን ለልጅቷ። አሻራ ያዢ። ዋተርማርክ ጥሩ ነው፤ አንድ ስፖት በሦስት ጣቢያ ሲሄድ ለእያንዳንዱ የተለየ ኮድ ቀብረሽ የትኛው ቅጂ ከየት እንደወጣ ትለያለሽ፣ አሻራ ይህን አይነግርሽም። ግን ስፖቱ ከመውጣቱ በፊት እጅሽ መግባት አለበት፣ እዚህ ደግሞ ነጋዴው ስፖቱን በብሉቱዝ ከስልኩ ይልካል፣ የተቀበለው ለሌላው ይልካል። ከተላለፈ በኋላ ምልክት መቅበር አይቻልም።

ወደፊት ሙዚቃ ውስጥ እገባለሁ ብለሽኛል፣ ዘፈናቸው በተላለፈ ቁጥር ለዘፋኞች የሚከፈለው የሮያሊቲ ቆጠራ። ጎበዝ። የቅጂ መብት አዋጁ አለ፤ 410/1996፣ ማሻሻያው 872/2007። ግን የኛ አገር ዘፈን ከፍራሹ ስፖት ይብሳል። የአፍረን ቀሎ ባንድ ልጆች፣ እነ አሊ ቢራ፣ እዚሁ ድሬ የጀመሩት ሙዚቃ ቤት ለቤት የዞረው በካሴት ነው፤ ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ፣ ባትሪው ሲደክም፣ ሞተሩ ሲሮጥ፣ አንዱ ዘፈን በሦስት ቁመት ይገኛል። አንድ ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን ሰርግ ላይ እንደገና ቢዘፍነው ደግሞ አሻራው አይገጥምም፤ አሻራ የሚያውቀው ቅጂውን ነው እንጂ ዘፈኑን አይደለም። ይህን ለዘፋኞቹ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ኋላ «ዘፈኔ አልተላለፈም አልሽ» ብለው እንዳይመጡብሽ።

ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ቅጂዎቹን በፍላሽ ይዘሽ ነይ። ስፒከርም አትርሺ፣ የኔው ተበላሽቷል። ቡና አለ።