ጣናን በሳይክል መዞር ይቻላል ወይ? ከጎንደር ለሚነሳ ሰው

ጥያቄውን ላላያችሁት ላሳጥረው። ወንድማችን ለሥራ ጎንደር የገባው በቅርቡ ነው። ለጠጠር መንገድ የተሠራ፣ ጎማው ሰፋ ያለ ሳይክል አለው። ፈረንጆች በአልፕስ ተራሮች መሐል ያለ ሐይቅ በጠጠር መንገድ ሲዞሩ ቪዲዮ አይቶ፣ «እኛስ ከጎንደር ተነስተን ጣናን በሦስት ቀን ብንዞረውስ?» ሲል ጠየቀ።

ወንድሜ፣ እኔን ከሰማኸኝ አትዙረው። ወደ ሐይቁ ውረድ፣ እደር፣ ተመለስ። ጣና የሚያምረው እንዲህ ሲሄዱበት ነው።

ምክንያቱን ልንገርህ። እነዚያ ሐይቆች ሌላ ናቸው። የጄኔቫን ሐይቅ ውሰድ። ስፋቱ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ከ3,000 በላይ ነው። እዚያ ዙሪያውን መንገድ አለ፣ ባቡር አለ፣ ሲደክምህ የምትሳፈርበት መርከብ አለ። ደግሞ ለጉራ ያህል ልጨምርልህ፤ ጄኔቫ በተራራ ቢከበብም ውኃው ከባሕር ወለል በላይ 372 ሜትር ላይ ነው። የኛው ጣና ሜዳ ላይ ተኝቶ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ሲያጥርህ እርጅና ነው ብለህ አትደንግጥ።

የጣና ችግር ዳር ዳሩን ይዞ የሚዞር መንገድ አለመኖሩ ነው። በምሥራቅ በኩል ከአዘዞ በጠዳ፣ በማክሰኚት፣ በእንፍራዝ፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት ነው። እሱ ደግሞ ከሐይቁ ይርቃል። ቢርቅ አይገርምም፤ ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ እዚያ ውስጥ መንገድ ማን ይሠራል? እንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ ታያለህ፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ውጪ ግን አይሱዙና ሚኒባስ እየተጋፋህ ነው የምትነዳው። ለዚህ የጠጠር ሳይክል መግዛት አያስፈልግም ነበር። በምዕራብ በኩል ደልጊና ቁንዝላ አሉ። እዚያ መንገዱ ሻካራ፣ ማደሪያውም የተራራቀ ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ሳይዙ አይገባም።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት ጎርጎራ ነው። 60 ኪሎ ሜትር እና ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በአጠቃላይ ቁልቁል ነው። ዋናው ቁልቁለት ግን ገና ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጁም፣ የጭነት መኪናውም፣ ሰውም እዚያው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተህ ከተማው ሳይነቃ ጨርሰው። ከአዘዞ በኋላ ደምቢያ ይዘረጋልሃል። ሜዳ ነው። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጓያ።

ዋናው የጎርጎራ መንገድ ለብዙ ዘመን ጠጠር ነበር፤ ኋላ የአስፋልት ሥራ ገባበት። ለአገሩ ሰው እሰየው ነው። ላንተ ግን ጨዋታው ያለው ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ወደ ቀበሌዎቹ በሚገቡት የገጠር መንገዶች ላይ ነው። በካርታ ከምትፈልጋቸው ቆላ ድባ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ ብትጠይቅ ይሻላል። የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ፣ የትኛው ድልድይ እንዳለ የሚያውቁት የጋሪና የባጃጅ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አፈሩ። ደምቢያ ዋልካ ነው። ጥቁር ዋልካ። ይህን አፈር ሳያውቁ ስለ ጎማ ማውራት ከንቱ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ይለጠፋል። ጎማህ ላይ ይጠቀለላል፣ ፓራፋንጎና ፍሬን ውስጥ ይሞላል፣ ትንሽ ቆይቶ ጎማው መዞር ያቆማል። ከዚያ ሳይክሉን ተሸክመህ ነው የምትሄደው፤ ጫማህም እያንዳንዱ ኪሎ ይሆናል። ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ቀጭን ጎማ ይውጣል፣ ፊት ጎማ ከገባበት ተወርውረህ ነው። ስለዚህ ከ40 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ ይዘህ አትውረድ። ማውንቴን ባይክ ያለው ሰው በዚህ መንገድ ላይ ካንተ የባሰ አይሆንም፤ እንዲያውም ይሻላል። ፓራፋንጎ ካለህ ፈትተህ ቤት ተወው።

ለዚህ ነው ወቅቱ ከሳይክሉ የሚበልጠው። ከሰኔ እስከ መስከረም እርሳው። ጥቅምትም ቢሆን ሜዳው እርጥበቱን አልጨረሰም። ጥሩው ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። መሬቱ ደርቋል፣ ግን ገና አልተሰነጣጠቀም። ጥሩ ጊዜ ነው ማለት መንገዱ ባዶ ነው ማለት ግን አይደለም፤ አዝመራ የሚሰበሰብበት ወር ስለሆነ ጭድ የጫነ አህያ በየቦታው ነው። ከየካቲት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፤ ያኔ ከ4 ሰዓት በፊት ቆላ ድባን ማለፍ አለብህ። ውኃ ቢያንስ ሦስት ሊትር ያዝ።

ጎርጎራ ስትደርስ አትቸኩል። ደብረ ሲና ማርያምን ሳታይ እንዳትመለስ፤ ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ የግድግዳ ሥዕሏ የ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ማግስቱን ደግሞ ወደ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አሮጌው ጎርጎራ ንዳ። ለኔ የጉዞው ሁሉ ምርጥ ቁራጭ ይህ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1607 እስከ 1632 የነገሠው አፄ ሱስንዮስ እዚያ መቀመጫ ነበረው። የኢየሱሳውያኑ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 ያረፈው ጎርጎራ ነው። አሁን ያለው ፍርስራሽ ነው፤ የተረፈው ጥርብ ድንጋይ ግን ያስደምማል። ፋሲል ጎንደርን በ1636 ሲቆረቁር የሱስንዮስ ልጅ እንደነበር አስበህ ስታየው፣ ትናንት ጠዋት ጎንደር ጥለኸው የመጣኸው ግንብ ሌላ ይመስልሃል። መንገዱ የእግር ነው ማለት ይቻላል፤ ድንጋይና እሾህ አለው። ጊዜ ከሌለህ ማንዳባን ትተህ ይህን ሂድ። ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ሴት አይገባበትምና ከባለቤትህ ጋር ከሆንክም አስብበት።

ሐይቁ ውስጥ ገብቼ ልቀዝቅዝ ካልክ፣ ተው። ዳር ዳሩ ቢልሃርዝያ አለ። በሰሜኑ በኩል ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ በአንዳንድ ወራት ዳርቻውን አረንጓዴ ምንጣፍ ያለብሰዋል፤ ከሩቅ ሜዳ መስሎህ እንዳትነዳበት! ደምቢያ ወባ ስላለበት አጎበር ያለው አልጋ ጠይቅ። ለእራት አምባዛ ወይም ቆሮሶ አዝዝ።

ዕቃን በተመለከተ ብዙ አልልም። ግራር ባለበት ሁሉ እሾህ አለና ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽ፣ መለጠፊያና መንፊያ ያዝ። ውስጡ ፈሳሽ የሚጨመርበት ካላማዳሪያ አልባ ጎማ ከሆነ ያለህ፣ ፈሳሹ ሲያልቅ እዚህ አታገኘውምና በመደበኛ ካላማዳሪያ ውጣ። በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ የባጃጅ ጎማ የሚለጥፍ ሰው ያንተንም ይለጥፋል። የማይገኘው ካቴና ነው። ዘመናዊው ቀጭን ካቴና ቢበጠስብህ የቻይና ሳይክል ካቴና አይገጥምልህም። መጋጠሚያዋን ትንሿን ብረት ኪስህ ውስጥ ክተታት።

ስለ ሰው ጠባይ ደግሞ። ገጠር ውስጥ በሳይክል ዝም ብሎ ሽው ማለት ነውር ነው። ሽማግሌ ስታይ ፍጥነት ቀንስና «እንደምን አደሩ አባቴ» በል። የቀብር ሰው ካጋጠመህ ውረድና ሳይክልህን እየገፋህ ዳር ያዝ። በቅሎ ከኋላ ድንገት ከደረስክባት ትደነብራለች፣ ጌታዋም ይወድቃል፤ ከሩቅ ድምፅ አሰማ። ልጆች «ፈረንጅ!» እያሉ ቢከተሉህ ባማርኛ መልስላቸው፤ ስቀው ይተዉሃል። ውሻ ሲመጣ ግን መሮጥ ሳይሆን ከሳይክሉ ወርዶ ሳይክሉን በመሐል ማድረግ ነው።

ሌላው የመንገዱ ሰላም ነው። ይህን የምታውቀው ጉዳይ ስለሆነ አላንዛዛውም። የትናንት ወሬ አይሠራም፤ በዚያው ሳምንት ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቅ፣ አይሆንም ካለህ ቅር። ብቻህን አትሂድ፣ ከመሸም አትንዳ።

መመለሻው ላይ የመጀመሪያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቅሃል። ስልሳውን ኪሎ ሜትር ነድተህ፣ ፀሐይ ጠብሶህ፣ መጨረሻ ላይ ከአዘዞ ፒያሳ መውጣት ነው። ብዙ ጎበዝ እዚያ ጋ ይበርዳል። አዘዞ ላይ ሚኒባስ ጣራ ላይ ሳይክልህን ብትጭን ማንም አይስቅብህም። ሹፌሩን ዋጋ ቀድመህ ተነጋገር፤ ጭነቱን የሚያስረው ረዳቱ ስለሆነ የሱን ለብቻ ስጠው፣ የኋላውን ማርሽ ወደ ላይ አድርጎ እንዲያስርም ቆመህ አሳየው።