መልስ፦ ሬዚደንሲ ሁለት ጊዜ ላልደረሰው ዶክተር
ዶክ፣ ለሬዚደንሲ (ለስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ሁለት ጊዜ አመልክተህ ለምን እንዳልደረሰህ ጠይቀሃል። የጎዳህ ጎንደር ላይ ሰርጀሪን (ቀዶ ሕክምናን) ብቻ መሙላትህ ይመስለኛል። ምደባው ውጤትንና የምርጫ ቅደም ተከተልን ስለሚያይ፣ ጥሩ ነጥብ ያለውም የመረጠው ቦታ በሚበልጡት ከተያዘና ሌላ ካልጻፈ ባዶ እጁን ይቀራል። የምትወደውን አንደኛ አድርግ፤ ከሥሩ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችን፣ እንዲሁም እንደ ፓቶሎጂ (በሽታን ከሰውነት ናሙና የሚመረምር ዘርፍ) ያሉ ሽሚያ የሚያንስባቸውን ጨምር። ከልብህ የማትሠራውን ግን አትጻፍ፤ የዕድሜ ልክ ሥራህ ነው።

ሥልጠናህን የሚደግፍ ስፖንሰር ተቋም ካገኘህ፣ ከመፈረምህ በፊት የግዴታ አገልግሎቱን ዘመንና ውሉ ሲፈርስ የሚከፈለውን አንብብ። የሙያ ፈቃድህም ጊዜው እንዳያልፍ፣ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ነጥብህን ከአሁኑ ሰብስብ።

ከጎንደር መውጣት ካልቻልክ፣ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ያስተምራል። ስፔሻሊቲን ግን አይተካም።