የፔሬኮፕ ልሳነ ምድር፦ ጥያቄና መልስ

ክራይሚያን ከዩክሬን ዋና ምድር ጋር ስለሚያገናኘው የፔሬኮፕ ልሳነ ምድር፣ ማለትም በሁለት ውኆች መካከል ስላለው ጠባብ የየብስ መተላለፊያ፣ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቦታው ምን ያህል ይጠብባል? ስሙስ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ርዝመቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጠባቡ በኩል ስፋቱ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በምዕራብ የጥቁር ባሕር አካል የሆነው የካርኪኒት ባሕረ ሰላጤ፣ በምሥራቅ ደግሞ ሲቫሽ የተባለው ጨዋማ ውኃ ያዋስኑታል። በስላቮች ቋንቋ «ፔሬኮፕ» ተቆፍሮ የተቆረጠ ቦታ እንደ ማለት ነው፤ የክራይሚያ ታታሮች ደግሞ «ኦር ቃፒ»፣ የጉድጓዱ በር፣ ይሉታል። ሁለቱም ስሞች የመጡት ከውኃ እስከ ውኃ ከተቆፈረው ረጅም ጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓዱ የወጣው አፈርም አጠገቡ ተከምሮ ግንብ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ ጥቂት ሠራዊት ሊዘጋው ለምን አልቻለም?

መልስ፦ ግንቡ ስለ ደከመ ሳይሆን ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነው። ሲቫሽ በካርታ ላይ ባሕር ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር አያልፍም፣ ሥሩም ጥልቅ ጭቃ ነው። በሙቀት ወራት ከሚያወጣው ክፉ ጠረን የተነሣ «የበሰበሰው ባሕር» ተብሏል። የምዕራብ ነፋስ ሲበረታ ውኃው ወደ ምሥራቅ ይገፋና ጭቃው ይገለጣል፤ መርከብ የማይንሳፈፍበት ያ ውኃ ለእግረኛ መንገድ ይሆናል። የሩሲያው ጄኔራል ላሲ በ1738 በዚሁ በኩል ተሻግሮ የፔሬኮፕን ምሽግ ከኋላው ያዘ።

ጥያቄ፦ የ1920 ውጊያስ እንዴት ነበር?

መልስ፦ በሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ቦልሼቪኮችን የሚወጋው የጄኔራል ቭራንጌል ነጭ ጦር በግንቡ ላይ መሽጎ ሳለ፣ በፍሩንዜ የሚመራው የቦልሼቪኮች ቀይ ጦር ከኅዳር 7 ለ8 አጥቢያ ሌሊት ወደ ሲቫሽ ገባ። ነፋሱ ውኃውን ገፍቶት ነበር፤ ወታደሮቹም በውርጭ ውስጥ፣ መድፎቹ እንዳይሰምጡ ጭቃው ላይ ጭድና ጭራሮ እያነጠፉ ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ተገልብጦ ውኃው መመለስ ጀመረ። የተሻገሩት ክፍሎች ከወገናቸው እንዳይቆረጡ ፍሩንዜ ግንቡ በፊት ለፊት ሳይዘገይ እንዲጠቃ አዘዘ፤ ተደጋጋሚ ጥቃት ከከሸፈ በኋላም በኅዳር 9 ንጋት ላይ ግንቡ ተያዘ። በእኔ ግምት ወሳኙ ከግንቡ ይልቅ ያ የጭቃ መንገድ ነው፤ ኋላው የተያዘበት ተከላካይ ብዙ ሊቆይ አይችልም ነበርና። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ140,000 በላይ ሰዎች ከክራይሚያ ወደቦች በመርከብ ተሰደዱ።

ጥያቄ፦ ጀርመኖችም በሲቫሽ አለፉ?

መልስ፦ አላለፉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1941 መገባደጃ፣ በጀርመኑ ጄኔራል ማንሽታይን የሚመራው 11ኛ ጦር ፊት ለፊት ገጥሞ፣ ከሳምንታት ከባድ ውጊያ በኋላ ከግንቡ በስተ ደቡብ ባለችው በኢሹን በኩል ሰበረ። በ1943 ኅዳር ግን የሶቪየት ወታደሮች እንደገና ሲቫሽን በእግር ተሻግረው በደቡብ ዳርቻው ተተከሉ፤ በሚያዝያ 1944 የሶቪየቱ ጄኔራል ቶልቡኪን ዋና ጥቃት የተነሣውም ከዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬስ ጥቅሙ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከመንገዱ በተጨማሪ ከድኒፐር ወንዝ የሚነሣው የሰሜን ክራይሚያ ቦይ የሚያልፈው በዚሁ ነው። ሩሲያ ክራይሚያን ከያዘች በኋላ ዩክሬን በ2014 ቦዩን ከመዝጋቷ በፊት ከክራይሚያ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ በእርሱ ይመጣ ነበር። የሩሲያ ጦር በየካቲት 2022 ከክራይሚያ ወደ ሰሜን ሲወጣ ቦዩ ዳግም ተከፈተ፤ በሰኔ 2023 የካኾቭካ ግድብ ሲፈርስ ግን ቦዩን የሚሞላው ውኃ ራሱ ሸሸ።